ባዶ የተውኩት ሦስተኛው ዓምድ

ባለፈው ሰኔ ፕሮጀክተሩን፣ የፊልም መቀጠያውን፣ ሁለት ካርቶን አምፖልና ፊልም የምናይበትን ጨለማ ክፍል ቁልፍ አስረክቤ ስፈርም፣ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው፣ «በዚህ ዕድሜሽ ጡረታ ወጣሽ እንዴ?» አሉኝ። ወደ ማስተማር መዛወሬን ነገርኳቸው። «ፊልም እያዩ ደመወዝ ከመብላት የጠመኔ አቧራ መብላት ይሻላል ብለሽ ነው?» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ እንጂ አልመለስኩላቸውም። መልስ የሚመጣልኝ ሁልጊዜ ቤቴ ከደረስኩ በኋላ ነው። ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው። ስድስት ዓመት የሠራሁትን ሥራ ብዙ ሰው አያውቀውም። ለምን እንደተውኩትም ለማንም በቅጡ አልተናገርኩም።

ሥራዬ እንዲህ ነበር። ለተማሪዎች ሊታይ የታሰበ ፊልም ከመጽሐፍ ወይም ከአጭር ልብ ወለድ የተወሰደ ከሆነ፣ ጽሑፉንና ፊልሙን አስተያያለሁ። ፊልሙ ከታሪኩ ምን እንደያዘ፣ ምን እንደጣለ፣ መጣሉም ይጉዳው ይጥቀመው ጽፌ አቀርባለሁ። ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ የእኔን ሪፖርት ተመልክቶ «ይታይ» ወይም «አይታይ» ይላል። ኮሚቴው አብዛኛውን ጊዜ ፊልሙን አያየውም፤ እኔ ስለ ፊልሙ የጻፍኩትን ያነባል። የዚህን ክብደት የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ከዩኒቨርስቲ እንደወጣሁ በመጀመሪያ የተመደብኩት አዲስ አበባ ነበር። እዚያ የነበሩት አለቃዬ ፊልምን የሚመዝኑት በደቂቃ ነው። ከአርባ ደቂቃ ከበለጠ ተማሪ ይተኛል፤ ከአሥር ካነሰ ደግሞ ወደ ትምህርት ቤቶቹ ለማድረስ ቤንዚን ማቃጠል አያዋጣም። ስለ ታሪኩ ሁለት ገጽ ጽፌ ባቀረብኩላቸው ጊዜ የመጨረሻዋን መስመር ብቻ አንብበው፣ «ይሄ ለግጥም ማታ ይሁንሽ፤ ስንት ደቂቃ ነው?» አሉኝ። በዓመቱ ሐረር ክፍት ቦታ መኖሩን ስሰማ አመለከትኩ። ደመወዙ ያው ነበር። ዝውውሩን ለማግኘት ግን አምስት ፊርማ አስፈልጎኛል።

ሐረር ተወልጄ ያደግኩባት ከተማ ናት። የአያቴ አባት ከሸዋ ከመጣው ጦር ጋር መጥተው የቀሩ ናቸው። አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ቤታችንም ጀጎል ከሚባለው የድሮው ከተማ ግንብ ውጭ፣ ከአንዱ መግቢያው ከፈላና በር ብዙም የማይርቅ ነው። ስለዚህ አገሩን አውቀዋለሁ ብዬ ነው የተመለስኩት።

ሐረር የጠበቁኝ አቶ መኩሪያ ናቸው። የፊልም ክፍሉ ኃላፊ፣ ኃምሳውን ያለፉ ቀጭን ሰው፣ ሠላሳ ዓመት ሐረር የኖሩ። ሻይ ሲቀርብላቸው ስኳሩን አያማስሉም፤ መራራውን ጠጥተው ሲጨርሱ ታች የቀረውን ስኳር በማንኪያ ይበሉታል። ሥራም ሲሠሩ እንደዚያው ናቸው። የሚወዱትን ለመጨረሻ ያቆዩታል። ከታሪክ የተወሰደ ፊልም ሲመጣ፣ ማንበብ ነፍሳቸው ሆኖ ሳለ፣ ታሪኩን አያነቡም። መጀመሪያ ፊልሙን ያያሉ፤ ያውም ድምፁን ዘግተው።

«ታሪኩን አስቀድመሽ ካነበብሽ» ይሉኝ ነበር፣ «የምታዪው አንቺ በልብሽ የሠራሽውን ፊልም ነው። የሰውየውን አይደለም።»

«ድምፁስ ምን አጠፋ፣ ጋሼ?»

«ድምፅ ሲኖር ዓይን ይሰንፋል። ሰዎቹ ከነገሩሽ ምን ብለሽ ታያለሽ?»

ለሁለተኛ ጊዜ በድምፅ ያዩና ከዚያ ታሪኩን ያነባሉ። ከዚያ በኋላ በሦስት ዓምድ የተሰመረ ወረቀት ያወጣሉ። በመጀመሪያው ዓምድ ታሪኩ ውስጥ ያለው፣ በሁለተኛው ፊልሙ ውስጥ ያለው ይጻፋል። ሦስተኛው ጠባቡ ዓምድ ላይ «በምን ተተካ?» የሚል አለ። ሁለተኛው ዓምድ ላይ «የለም» ብሎ የጻፈ ሰው ሦስተኛውን ሳይሞላ ወረቀቱን ማስረከብ አይችልም።

የዚህ ጥቅም የገባኝ በመጀመሪያው ዓመቴ፣ ከባሕር ማዶ በመጣ ፊልም ነው። በታሪኩ አንድ ሽማግሌ ደብዳቤ አመላላሽ በበረዶ ውስጥ ይሞታል፤ በፊልሙ ግን ደኅና ይገባል። «ፊልሙ ሞቱን ፈርቶ ትቶታል» ብዬ ጻፍኩ። አቶ መኩሪያ ወረቀቱን መልሰው ገፉልኝና ጠባቡን ዓምድ በጣታቸው መቱት። ተመልሼ አየሁ። በፊልሙ መጨረሻ ሽማግሌው ደብዳቤውን ይዞ በሩን ሲያንኳኳ የሚከፍትለት የለም፤ መስኮቱ ሁሉ በሳንቃ ተመትቷል። ሞቱ ቀርቶ አልነበረም። ከመንገዱ ተነሥቶ ወደ ደብዳቤው ተቀባይ ቤት ተዛውሯል። ያን ቀን ሥራዬን ወደድኩት። በላንድሮቨር ጅጅጋም አሰበ ተፈሪም ድረስ ፊልም ይዘን ስንሄድ፣ ሹፌሩ እንኳ አንድ ነገር ሲጠፋ «በምን ተተካ?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

በሐረር በአራተኛው ዓመቴ፣ በኅዳር ወር፣ ነጂብ የሚባል የጀጎል ልጅ፣ የጂኦግራፊ መምህር፣ ፊልም የያዘ ቆርቆሮና ድምፁ የተቀዳበት አንድ ቴፕ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞልን መጣ። ካሜራውን ያዋሰው ወደ አገሩ ሊመለስ የተቃረበ የውጭ አገር መምህር ነው። ፊልሙ ሃያ አምስት ደቂቃ ይሆናል። የተወሰደውም አቶ መኩሪያ በወጣትነታቸው በአንድ የትምህርት ቤት መጽሔት ላይ በብዕር ስም ካወጡት አጭር ታሪክ ነበር።

ታሪኩን በደንብ አውቀዋለሁ። አንድ የጀጎል ቡና ነጋዴ አንዲት ሴት ልጅ አለችው። እናት «ልጅቷ ደርሳለች፣ ትዳር» ትላለች። ልጅቷ መማር ትፈልጋለች። ባልና ሚስት ሲነታረኩ ይከርሙና፣ በመጨረሻ አባት ዘመዱን ሰብስቦ ረጅም ንግግር ያደርጋል። ትማር ይላል። ያን ንግግር ዩኒቨርስቲ ሳለሁ በደብተሬ ገልብጬው ነበር። የማን እንደሆነ ያወቅኩት ሐረር ከመጣሁ በኋላ ነው።

አቶ መኩሪያ ቆርቆሮውን ለእኔ ሰጡኝ። «እኔ ባለ ጉዳይ ነኝ፤ ሳይወሰን አላየውም» አሉ።

ነጂብ ከመሄዱ በፊት በሩ ላይ ቆሞ፣ «መቼ ይደርስልኛል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ተራውን ጠብቆ» አልኩት።

«እባክዎን ቶሎ ቢሆንልኝ። የሚጠብቁት ሰዎች አሉ።»

እነማን ናቸው ብዬ አልጠየቅኩም። ከማላውቀው ወንድ ጋር ንግግር ማርዘም ይከብደኛል።

በዚያ ሳምንት ጨለማ ክፍሉ ለሌላ ስብሰባ ይፈለግ ስለነበር ያገኘሁት አንድ ከሰዓት ብቻ ነው። ታሪኩን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ድምፁን ዘግቼ ብጀምር ለሁለተኛው ጊዜ አይተርፈኝም። ቴፑን አብሬ አስነሣሁና አንድ ጊዜ ብቻ አየሁት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያን ንግግር ስጠብቅ ነበር። አልመጣም። እናትና አባት የሚነታረኩበትም የለም። ሰው ወደ ቤት ይገባል፣ ቀና ይላል፣ ይቀመጣል፣ ይወጣል። በመጨረሻ ልጅቷ ወንበር ላይ ወጥታ ከበሩ በላይ የተቀመጠ ምንጣፍ ታወርዳለች፤ ታነጥፈዋለች፤ ተቀምጣበት ደብተሯን ትከፍታለች። አለቀ።

ሪፖርቴን እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የታሪኩ ዋና ጉዳይ የሆነው የትዳር ጥያቄ በፊልሙ ውስጥ የለም። የአባትየው ውሳኔም የለም። ፊልሙ ልጅቷ ምንጣፍ ስታነጥፍ ይቆማል፤ መደምደሚያ የለውም።» በሦስተኛው ዓምድ ላይ፣ በምንም አልተተካም ለማለት፣ አግድም መስመር አሰመርኩ።

አቶ መኩሪያ አነበቡት። «ምንጣፍ ነው ያልሽው?» አሉ።

«አዎ።»

«ድምፁን ዘግተሽ አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ» አልኩ።

ሻያቸውን ጠጡ፤ ፈረሙ፤ ኮሚቴው «አይታይ» አለ። ጽሕፈት ቤቱ ፊልሙ ካለፈ አንድ ቅጂ ሊገዛና ለነጂብ ለሁለተኛ ሥራ የሚሆን ጥሬ ፊልም ሊሰጠው ቃል ገብቶ ነበር። ቆርቆሮው መጋዘን ገባ። ነጂብ በየካቲት ጅጅጋ ተዛወረ። መጥቶ አልተከራከረኝም። ሪፖርቴ የተያያዘበትን የውሳኔ ደብዳቤ ሲቀበል ሁለት ጊዜ አንብቦት፣ አጥፎ ኪሱ ከቶ ወጣ።

በነሐሴ መጋዘኑ ሲጸዳ ከቆርቆሮው ጋር አንድ ፖስታ ተገኘ። ፊልሙ ሲሠራ የተነሡ ፎቶግራፎች ናቸው። አቶ መኩሪያ፣ «የነጂብ እናት ቤት ነው የተቀረጸው፤ አድርሺላቸው» አሉኝ። በፈላና በር ገባሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሎሚና ብርቱካን ልገዛ ያለፍኩበት በር ነው። ከገበያው አልፌ ግን የሰው ቤት ገብቼ አላውቅም ነበር። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር።

የነጂብ እናት አይ መሪየም በራቸውን ከፍተው ሙዳይ ይሰፋሉ። «አይ» በጀጎል ሰዎች ቋንቋ እናት ማለት ነው፤ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚጠራቸው።

«ግቢ፣ ግቢ። ጫማሽን እዚያው» አሉኝ። በቀይ አፈር በተቀባው ከፍ ያለ መደብ ላይ አስቀመጡኝና ፎቶግራፎቹን አንድ በአንድ እያነሡ፣ «ማሻአላህ! ፋጡማዬ! አየሽ እንዴት እንዳማረባት?» ይላሉ። ፋጡማ የነጂብ ታናሽ እህት ናት፤ በፊልሙ ልጅቷን ሆና የሠራችው እሷ ነበረች። ክፍሉ ልክ በፎቶው እንዳለው ነው፤ ሳህኖቹም ሙዳዮቹም በየቦታቸው ተሰቅለዋል። አንድ ነገር ብቻ ጎደለብኝ።

«አይ መሪየም፣ እዚህ ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የነበረው ምንጣፍ ምን ሆነ?»

መርፌያቸውን አቁመው አዩኝ፤ ከዚያ ሳቁ። «የፈላና በር ልጅ ነኝ ትያለሽ፣ ይሄን አታውቂም? ልጅቷን ዳርናት እኮ! ከእንግዲህ ለማን ይቀመጣል? ለእኔ?»

አልገባኝም ነበር። አስረዱኝ። ከበር በላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ እዚህ ቤት ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። ስትዳር ይነሣል። «እንግዳ ይገባል፣ ቀና ብሎ ያያል፣ ዝም ይላል። መጠየቅማ ነውር ነው፤ ምንጣፉ ያለው ለዚህ አይደል?» አሉኝ።

ፎቶግራፉ እጄ ላይ ነበር። ሰው ወደ ቤት ይገባል፣ ቀና ይላል፣ ይቀመጣል። ልጅቷ ወንበር ላይ ትወጣለች፣ ታወርደዋለች።

«መቼ ዳሯት?» አልኩ።

«ሁለት ወር ሆነ። ወላሂ ትንሽ ልጠብቅ ብዬ ነበር። ነጂብ ደግሞ፣ ‹መንግሥት ፊልሙን አይቶ ጥሩ ነው ካለ ለአጎቴ አሳየዋለሁ፤ የመንግሥት ማኅተም ካየ ይሰማኛል› እያለ ለመነን። አባታቸው ከሞተ ወዲህ አድራጊ ፈጣሪው አጎታቸው ነው። ማኅተሙ አልመጣም። ምን ይደረግ? ባሏ ደግ ልጅ ነው፣ አልሐምዱሊላህ።»

ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ መሆኔን አልነገርኳቸውም። የሰጡኝን ሎሚ ይዤ ወጣሁ።

በማግሥቱ ጠዋት አቶ መኩሪያ ገና ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ «ድምፁን ዘግቼ አላየሁትም። ዋሽቼዎት ነበር» አልኳቸው። ስለ ምንጣፉም ነገርኳቸው። እሳቸው ምንጣፉን እንደሚያውቁት ስናገር ነው የታወሰኝ፤ ሠላሳ ዓመት የኖሩበት አገር ነው።

ኮታቸውን አውልቀው ሰቀሉ። «ምንጣፍ የምትል ቃል ሳነብ ጠርጥሬ ነበር» አሉ። «ለዚያ ነው የጠየቅኩሽ። አይቼዋለሁ ስትይኝ ተቀበልኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስም ብሎኝ ነበር። ታሪክህ ከፊልሙ ይበልጣል ሲሉህ ማን ይጠላል?»

«አሁን ምን ላድርግ?»

«የተወሰነ ጉዳይ የሚከፈተው ሪፖርቱን የጻፈው የፊልም መርማሪ ራሱ ቀርቦ ሲናገር ነው። በጽሑፍ አይሆንም።»

«ጋሼ፣ እኔ ሰው ፊት…»

«አውቃለሁ» አሉኝ።

ከዚያ በፊት ግን ጨለማ ክፍሉን ዘግቼ፣ ቴፑን ነቅዬ ፊልሙን ብቻውን አየሁት። ምንጣፉ አራት ጊዜ ይታያል። አራቱንም ጊዜ ካሜራው ከሰዎቹ ፊት ተነሥቶ ወደ እሱ ይሄዳል። ባህሉን ባላውቅ እንኳ፣ አንድ ጊዜ በዝምታ አይቼው ቢሆን ኖሮ ይህ ምንድነው ብዬ መጠየቄ አይቀርም ነበር። እናትና አባት በታሪኩ አራት ገጽ የተነታረኩበት ነገር በእነዚህ አራት ምስሎች ተተክቷል። የአባትየው ንግግርም ተተክቷል፤ ውሳኔው ከአባት ወደ ልጅቷ እጅ ሄዷል። ሦስተኛውን ዓምድ ሞላሁት፤ ስላልበቃኝ በጀርባው ቀጠልኩ።

ኮሚቴው ፊት ስቆም ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። የትምህርት ኢንስፔክተሩ፣ ከማዘጋጃ ቤት የተወከሉ ሰውና የሴቶች ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ተቀምጠዋል። አንድ ጊዜ ብቻ እንዳየሁት፣ ለአለቃዬ እንደዋሸሁ፣ የጀጎልን ቤት ሳላውቅ ስለ ጀጎል ቤት እንደፈረድኩ ተናገርኩ። የማዘጋጃ ቤቱ ሰው፣ «ሐረር ተወልደሽ?» አሉ። «ሐረር ተወልጄ» አልኩ። ዳይሬክተሯ ብቻ፣ «እስቲ ፊልሙን ራሳችን እንየው» አሉ። ኮሚቴው ቁጭ ብሎ ፊልም ሲያይ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር። አሳለፉት። ለእኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈልኝ፤ ተገቢ ነው።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በሴቶች ትምህርት ቤት አዳራሽ ለጀጎል ሴቶች አሳየነው። አይ መሪየም ከፊት ተቀመጡ፤ ፋጡማ ከአማቷ ጋር መጣች። ልጅቷ ወንበሩን ወደ በሩ ስትጎትት አዳራሹ ተናወጠ።

«ዋይ! ምን ልታደርግ ነው?»

«ተዪው አንቺ ልጅ!»

«እናቷ የት ሄዳ ነው?» አለች አንዷ። «ከፊትሽ ተቀምጣለች፣ ጠይቂያት!» ብላ ሌላዋ መለሰችላትና ሁሉም ሳቁ። ከኋላ ደግሞ የአንዲት ወጣት ድምፅ «አውርጂው! አውርጂው!» ይላል። ምንጣፉ ሲነጠፍ ዝም አሉ። ደብተሩ ሲከፈት ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ። ቴፑ አጠገብ የቆሙት አቶ መኩሪያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «በእኔ ታሪክ አባትየው ሁለት ገጽ ሙሉ ተናገረ፤ እንዲህ የጮኸለት የለም» አሉኝ።

ሰው ሲወጣ ፋጡማን በሩ ላይ አገኘኋት። «አይታይ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ። ነጂብ አንብቦልኛል» አለችኝ። «‹ጽሕፈቷ እንዴት እንደሚያምር እዪ! መደምደሚያ የለውም የምትለውን እንኳ አሳምራ ነው የጻፈችው› እያለ ያስቀኝ ነበር።»

ይቅርታ ልጠይቃት ጀመርኩ።

«እሱን ለነጂብ ላኪለት። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው» አለች፤ አማቷ እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሰባተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ያገባች ሴት ስምንተኛ ክፍል ትፈተናለች?»

«አላውቅም» አልኳት። «ጠይቄ እነግርሻለሁ።»

ለነጂብ ጻፍኩለት። ሴቶቹ የጮኹትን ሁሉ በቃላቸው አሰፈርኩለት። መልሱ አጭር ነበር። ካሜራው ከባለቤቱ ጋር ወደ አገሩ ሄዷል። ጥሬ ፊልሙን ሊሰጡት ቢፈልጉ የሚጭንበት የለውም። ከዚያ፣ «አጎቴ አየው?» ይላል። አላየውም፤ ትዕይንቱ የሴቶች ነበር። እስካሁን ሁለተኛ ፊልም አልሠራም።

የፋጡማን ጥያቄ ይዤ ግን ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ። መፈተን ትችላለች፤ የሚያስተምራት ክፍል ግን የለም። ጠዋት ከልጃገረዶች ጋር አትቀመጥም፤ ማታ ከቤት አትወጣም። ዳይሬክተሯ ከሰዓት በኋላ አንድ ክፍል ባዶ እንደሚሆን ነገሩኝ። «አስተማሪ ግን የለኝም» ብለው አዩኝ። የዚያን ዕለት መልሱ ቤት ሳልደርስ መጣልኝ። ዝውውሩ እስከ ሰኔ ፈጀ።

አቶ መኩሪያ ስሰናበታቸው አልተከራከሩኝም። አዲሱን መርማሪ ምን እንደሚያስተምሩት ስጠይቃቸው፣ «አንቺን ያስተማርኩትን፤ በተጨማሪም ቤት ለቤት እልከዋለሁ» አሉኝ።

አሁን ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት አሥራ አራት ሴቶች አስተምራለሁ። ፋጡማ ከበሩ አጠገብ ትቀመጣለች። ባሏ ሱቁን ዘግቶ ሳይገባ መድረስ ስላለባት ዘጠኝ ተኩል ሲል ደብተሯን አጥፋ፣ በእግሯ ጣት እየተራመደች ትወጣለች። መጀመሪያ ላይ ንባብን አስቀድም ነበር፤ የተማርኩትም የምወደውም እሱን ነው። እሷን የሚያስቸግራት ግን ሒሳብ ነው፤ ፈተናው ደግሞ በሰኔ ነው። ስለዚህ ሒሳቡን ወደ መጀመሪያው ሰዓት አምጥቼዋለሁ። ንባቡን እሷ ከወጣች በኋላ ለቀሩት አስተምራለሁ።